አራቱ ጥሩምባዎች

አጎቴ ይትባረክ ባለፈው ማክሰኞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ጋራዤ ድረስ መጣ። ከኋላው አንድ አይሱዙ ነበር፤ አይሱዙው ላይ ሸራ ለብሳ፣ በገመድ ታስራ ያቺ ትንሽ ቀይ የጣሊያን መኪና ተቀምጣለች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ አራት ጎረምሶች አንሥተው የሚያዞሯት መኪና። ሸራው ሲገለጥ ወዲያው አወቅኋት። ከልጅነቴ ወዲህ አላየኋትም፤ የት እንዳለችም መጠየቅ ትቼ ነበር።

«መስኪዬ፣ ሞተሯን እንደ ድሮዋ አድርጊልኝ» አለኝ። «ያኔ አባትሽ የገጠመላትን ሁለቱን ካርቡራተር ከነጥሩምባዎቹ መልሺላት። ዕቃው ሁሉ አለ፤ ከወንበሩ ኋላ በጆንያ አሥሬ አስቀምጬዋለሁ። ካንቺ ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈልግም።»

መኪናዋን አውርደው አይሱዙው ተመልሶ ሄደ። እሱም ምሳ በልቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። እኔ የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተቀመጥኩና ያንን ቀይ ቀለም ሳይ ቆየሁ። ሠራተኞቼ ምን ሆነች ብለው ይተያያሉ። ምንም አልሆንኩም፤ ተናድጄ ነው። ይህንንም የምነግራችሁ ተናድጄ ነው፤ ረጋ ብዬ እነግራችኋለሁ ብል ውሸቴን ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ደብረ ብርሃን፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴ ባየው መካኒክ ነበር፤ ጋራዡ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር። ይትባረክ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ልጅ ስለነበር እኛ ቤት አደገ፤ ሲጎረምስም ከእኛ ጋር ነበር። ፀጉሩን ያበጥራል፣ ያፏጫል፣ በሄደበት ሁሉ ሰው ያስቃል። እኔን «የኔ ሹፌር» ይለኛል። አባቴ ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ ጥቁር። በልጅ ዓይኔ አባቴ ማለት «አይሆንም» ነበር፤ ጋሼ ይትባረክ ማለት «ለምን አይሆንም» ነበር። የትኛውን እንደምወድ መገመት አያቅታችሁም።

መኪናዋን ይትባረክ አዲስ አበባ ከአንድ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ ጎጆ አድርጓት አገኛትና በአሮጌ ሞተር ብስክሌቱ ለውጦ አመጣት። ያን ሰሞን የአዲስ አበባ መኪና ወዳጆች ለጥምቀት መጥተው ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር ያለውን ዳገት ሊወዳደሩበት ነው የሚባል ወሬ ነበር። ይትባረክ ያንን ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። አባቴ ወሬ ነው አለ። ወንድሙ ግን ከእግሩ ሥር አልጠፋ ሲለው፣ መቼም ሊከለክለው ስለማይችል፣ እጅጌውን ሰበሰበና ኮፈኑን ከፈተ።

ያንን ሥራ ዛሬ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። መጀመሪያ መኪናዋ የነበራት አንድ ትንሽ ካርቡራተር ብቻ ነበር፤ በላዩ ክብ ድስት የመሰለ የአየር ማጣሪያ ተደፍቶበታል። አባቴ ያንን አነሣና ይትባረክ ከአንድ የተሰበረ የውድድር መኪና ያመጣቸውን፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ጉሮሮ ያላቸውን ሁለት ካርቡራተሮች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛቸውን ቱቦ፣ ማኒፎልዱን፣ በብየዳ ራሱ ሠራ። የሞተሩ አራት ቀዳዳዎች ለየራሳቸው ጉሮሮ አገኙ። ጉሮሮዎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ከአሉሚኒየም የተጠቀለሉ፣ አፋቸው የሰፋ አራት ጥሩምባዎች ገቡ፤ አየሩ ሳይደናቀፍ እንዲገባ ነው አለኝ። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ የተስተካከለች መኪና ደብረ ብርሃን ስትመጣ ቤንዚኑ ይበዛባትና ጥቁር ጭስ ታስላለች። አባቴ የቤንዚኑን ቀዳዳ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ሲለካ፣ ሲያጠብ፣ ደግሞ ሲያሰፋ ሰነበተ።

መጨረሻ ላይ ሞተሯን አስነሣና አንድ የጎማ ቱቦ ሰጠኝ። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ጥሩምባው አፍ ላይ አደረገ። የሚገባው አየር ሹሽ ሲል ይሰማኛል። ከአንዱ ጥሩምባ ወደሌላው እያዛወረ የትኛው እንደሚጮህ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ስለው ብሎኗን በትንሹ አዞረና እንደገና አሰማኝ። አራቱም እኩል ሲሆኑ ራሱን ነቀነቀና «ጆሮ አለሽ» አለኝ። አባቴ ካወጣው ምስጋና ሁሉ የማስታውሰው ይህንኑ ነው፤ ያኔ ግን ብዙም አልገረመኝም። ዓይኔ ይትባረክ ላይ ነበር።

ከዚያ ያ ማጣሪያ መጣ። አባቴ የዘይት ቆርቆሮ ቀደደና አራቱንም ጥሩምባዎች የሚሸፍን ሣጥን ሠራ። ፊቱን በቀጭን የሽቦ ወንፊት፣ ውስጡን ዘይት በጠገበ ስፖንጅ ሞላው። የዘይቱ ምልክት፣ የሱፍ አበባ ሥዕል፣ ቆርቆሮው ላይ እንዳለ ነው። ይትባረክ ሲያየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ ሙሽራ ጆንያ ያለብሷታል ወይ ብሎ ተከራከረ። ድምፁም እኮ ታፈነ፣ መልኳም ተበላሸ እያለ። እኔም ከእሱ ጎን ቆሜ ተበላሸ አልኩ።

አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የተናገረውን ያኔ አልተረዳሁትም፤ ቃሉን ግን አልጣልኩትም። «ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የአንኮበር መንገድ ዳርና ዳሩ አውድማ ነው። ጥሩምባው እህልና እብቅ አይለይም፣ ያገኘውን ይስባል። ውስጥ ያለችው የአየር መዝጊያ ላይ ትንሽ ነገር ቢሰነቀር እግርህን ከነዳጁ ላይ ብታነሣም መኪናዋ አትሰማህም። ያለ ማጣሪያው ከዚህ ግቢ አትወጣም።»

እኔ የሰማሁት «አትወጣም» የሚለውን ብቻ ነው። አባቴ ደስታ የሚነፍግ ሰው መሰለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቀብር ሄደ። ይትባረክ ብሎኖቹን ፈታ፣ የሱፍ አበባውን ሣጥን ከማገዶው ክምር ላይ ወረወረና ሞተሯን አስነሣ። እግሩን ሲጫን አራቱ ጥሩምባዎች በአንድ ላይ ጮኹ። ውሾቹ ሮጡ፣ የጎረቤት ልጆች በአጥር ላይ ተንጠለጠሉ፣ እኔ አጨበጨብኩ። እናቴ እናናየሁ ከቤት ወጥታ አንድ ነገር አለችው፤ በጩኸቱ አልተሰማም። በእጁ ሰላም አላትና በአንኮበር መንገድ ሽቅብ ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእግሩ ተመለሰ። ፀጉሩና ትከሻው ላይ እብቅ ነበር፤ ሰርግ ገብቶ ፈንዲሻ የበተኑበት መሰለኝ። ልይዘው ስሮጥ አላየኝም። ከቀብር የተመለሰውን አባቴን ወደ ጓዳ ጠራውና በሩ ተዘጋ። ቆይቶ አባቴ ብቻውን ወጣ። ያንን ሣጥን ከማገዶው ላይ አነሣ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፣ በመዶሻ ይደበድበው ጀመር። ዝርግ ጠፍጣፋ እስኪሆን ደበደበው፤ ከዚያ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቸነከረው። እንባው ይወርድ ነበር። እኔ ተሸንፎ ነው አልኩ። በመጨረሻ ጋሼ ይትባረክ ትክክል መሆኑን አምኖ መኪናዋን በነጻ ሊያስተነፍሳት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አባቴ እጁን ታጠበ፣ የቤተ ክርስቲያን ጃኬቱን ለበሰ፣ ወንድሙን አስከትሎ ወጣ። የተመለሰው ይትባረክ ብቻውን ነው።

ያን ዕለት ሰው መሞቱን ልንገራችሁ። ወርቅአገኘሁ ይባላል፤ ከመንገዱ ጥግ አውድማው ላይ ገብስ ሲያዘራ ነበር። ይትባረክ አንድ ጊዜ አልፎታል። ልጆች ስላጨበጨቡለት ብቻ መኪናዋን አዙሮ ተመለሰ፤ ነፋሱ እብቁን መንገዱ ላይ ነድቶት ነበር፤ በእብቁ መሀል እየጮኸ ገባበት። ከዚያ እግሩን ቢያነሣ መኪናዋ አልሰማችውም። ወርቅአገኘሁ መንሹን እንደያዘ ቀረ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አባቴም ከሞተ በኋላ ነው። ያኔ የነገሩኝ አባቴ ታሞ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል መሄዱን ነው።

አመንኩ፤ ለምን አላምንም? ጎረቤታችን ጠበል ሄዶ ሁለት ወር ቆይቶ መጥቷል። በየጊዜው ይትባረክ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ያመጣልኝ ነበር። አባትሽ ልኮልሽ ነው፣ በባዶ ሆድሽ ጠጪው ይለኛል። እኔ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ አማትቤ፣ በትንሽ በትንሹ እጎነጨዋለሁ። ጠብታ እንዳይፈስ መዳፌን ከአገጬ ሥር አደርጋለሁ። ልንገራችሁ፦ የቧንቧ ውሃ ነበር። ከግቢያችን በር ውጪ ካለው ቦኖ ቀድቶ ነው የሚያመጣው። አንዲት ልጅ ያንን ስትጠጣ ቆሞ ያይ ነበር፣ ስጨርስም ራሴን ይዳብሰኝ ነበር።

አባቴ ጻድቃኔ አልነበረም። እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ወህኒ ቤት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በግንቡ ሥር አልፋለሁ። ከግንቡ ወዲያ ሰዎች ሲዘምሩ ይሰማኛል፤ ወታደሮች ይመስሉኝ ነበር። እናቴ እሑድ እሑድ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ትወጣለች። አንድ ቀን አልቅሼ ተከተልኳት። በሩ ላይ ሳህኑን ለፖሊስ ሰጠችው፣ ፖሊሱ ክዳኑን ከፍቶ በማንኪያ አማሰለው። ስንመለስ ለምን ፖሊስ እንቀልባለን ብዬ ጠየቅኋት። ነዳያን ናቸው አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኝ ነበር።

ትምህርት ቤት አንድ ልጅ አባትሽ ሰው ገደለ ቢለኝ በድንጋይ ግንባሩን ፈነከትኩት። አስተማሪዋ ጆሮዬን ይዛ ስታወጣኝ አባቴ ጠበል ነው እያልኩ እጮህ ነበር። አስተማሪዋ ጆሮዬን ለቀቀችና ፊቷን አዞረች። ታውቅ ነበር። ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር። የባየውን ልጅ ስለ ባየው የዋሿት ሁሉም አውቀው ነው።

አባቴ ለፖሊስ የሰጠው ቃል እንዲህ ነበር፤ መኪናዋን የቀየርኳት እኔ ነኝ፣ ማጣሪያ አላበጀሁላትም፣ አደጋ እንዳለውም ለወንድሜ አልነገርኩትም። ማጣሪያውን ማን ያየዋል? የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኗል። ይትባረክ በመኪና ብልሽት የተጎዳ ምስኪን ሹፌር ሆነ፤ ቀለል ያለ ቅጣት ተቀጥቶ ወጣ። አባቴ ቸልተኛው መካኒክ ሆኖ ገባ። አያቴ ስትሞት ይትባረክን «አደራ» ብላ እጁ ላይ አስቀምጣው ነበርና አባቴ አደራውን አልበላም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በአድናቆት ይነቀንቃሉ። እኔ አልነቀንቅም።

ሁለት ክረምት አልፎ አባቴ መጣ። ራሱን ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ሲቀመጥ ግድግዳ ይፈልጋል። ከጠበል የመጣ ሰው እንዲህ እንደሚሆን ስለማውቅ ጉልበቱን ሳምኩት። እዚያ ሰይጣን ሲጮህ ሰምተሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ፣ ሌሊት ሌሊት ይጮኻሉ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ለዕርቅ ወደ ወርቅአገኘሁ ቤት ሄድን። ቄሱ አባ ሠረቀብርሃን መስቀል ይዘው፣ ሽማግሎች ከፊት፣ እኛ ከኋላ። የሄድነው ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ለቅሶ መድረስ መሰለኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ አባቴ ጫማውን አወለቀ፣ ሽማግሎቹ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሡና ማጅራቱ ላይ ጫኑበት። እየተንበረከከ ገባ። ይትባረክ እጄን ይዞ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል፤ ሽቶው ይሸተኛል። የሟቹ ሚስት ደመቀች ወጣች። አባቴን አልፋው መጣችና ይትባረክ ፊት ቆመች።

«የነዳኸው አንተ ነህ» አለችው። «ሁለተኛ ተመልሰህ ስትመጣ አይቼሃለሁ። ለምንድን ነው ድንጋዩ እዚያ ያለው?»

ሽማግሎቹ ጣልቃ ገቡ፤ ለዕርቅ በተወጣ ቀን ያለፈ አይቆጠርም፣ ታላቅ ለታናሹ ይሸከማል አሉና መለሷት። ያን ቀን ያቺን ሴት እንደጠላኋት በሕይወቴ ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ጋሼ ይትባረክን ተናገረችብኝ። እጁን አጥብቄ ያዝኩት፣ ላቡን በቀሚሴ ጠረግኩለት። ለመታረቅ ሄደን አንድ እውነት ተናጋሪ ብናገኝ እሷን ነበር፤ እኔ ግን ምላሴን አውጥቼባት ተመለስኩ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ባየው የገጠማት መኪና ሰው በላች ተባለና ሞተር የሚያሠራ ጠፋ። አባቴ ወደ ጫጫ በሚወስደው መውጫ ላይ ጎማ መለጠፍ ጀመረ። ሁለት ካርቡራተር በጆሮው የሚያስማማ ሰው የአህያ ጋሪ ጎማ በባልዲ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ሲፈልግ ኖረ። ይትባረክ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ መኪና ከውጭ እያስመጣ መሸጥ ያዘ፣ ከበረ። ለፋሲካ በግ ይልካል። አባቴ በጉን ያርዳል፣ ሥጋውን ግን አይቀምሰውም፤ ጥርሴን ያመኛል ይል ነበር። እኔ መካኒክ እሆናለሁ ባልኩ ቀን ብቻ ነው ሲቆጣ ያየሁት። አንድ ሳምንት አላናገረኝም፤ ከዚያ መፍቻዎቹን በሙሉ አጥቦ በዘይት ወልውሎ ሰጠኝ።

አባቴ የዛሬ ሁለት ዓመት ሞተ። ይትባረክ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቆሞ ወንድሜ በአንዲት ስሕተት ዕድሜውን ሙሉ ሲጸጸት ኖረ፣ እኔ ግን አንድም ቀን አልተቀየምኩትም ብሎ አለቀሰ። ሰዉም አብሮት አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ። በአርባው ማግስት ግን እናቴ ሳህን እያጠበች ድንገት እጇን አቆመችና ሁሉንም ነገረችኝ፤ ሣጥኑን፣ ወህኒውን፣ ውሃውን። ለምን እስከ ዛሬ ብዬ ስጮህባት፣ አባትሽ አስምሎኝ ነው፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ ያዝኩት አለች። ነቅዟል አልኳት። ከውስጥ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

እንግዲህ ማክሰኞ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ጎማው ላይ የተቀመጥኩት። ይትባረክ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ተመለሰ። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ጆንያውን ፈትቼ ዕቃውን መሬት ላይ ደርድሬ ነበር፤ ሁለቱ ካርቡራተሮች፣ ማኒፎልዱ፣ አራቱ ጥሩምባዎች። አሉሚኒየሙን አስወልውሎት ያበራል።

ማጣሪያውስ አልኩት። የቱ ማጣሪያ አለ። የሱፍ አበባ ያለበት ስለው ስንጥሩን ከአፉ አወጣው። ሠራተኞቼን አየ፣ በሩን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እትዬ እናናየሁ ነግራሻለች አለ፤ ይሄኔ መሸሽ አቆመ። እኔ አላስገደድኩትም፣ እገባለሁ ብዬው ነበር፣ እምቢ ያለው እሱ ነው እያለ ደረቱን መታ። ስለ ጠበሉ ውሃ ጠየቅሁት። ምን ላድርግ፣ ታለቅሺ ነበር አለኝ።

«ስሚኝ፣ መስኪ» አለ። «ፖሊስ ጣቢያ ሳንደርስ መንገድ ላይ አቁሜዋለሁ። ልጅህስ አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እሷ ገና ሕፃን ናት፣ ትረሳዋለች አለኝ። አንተ ግን ከገባህ ሰው ሆነህ አትወጣም አለኝ። ይሄው ነው ያለው። በእናቴ አፅም።»

አልዋሸም፤ ሲዋሽ ፈገግ ይላል፣ ያኔ ፈገግ አላለም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምናደደው በእሱ ብቻ ነበር። አባቴን የተበደለ፣ የተቀደሰ አድርጌ ለብቻው አስቀምጬው ነበር። አሁን መንገድ ላይ ቆሞ ሲያመዛዝን አየሁት፤ በአንድ እጁ ወንድሙ፣ በአንድ እጁ እኔ። የትኛችን ቀለል እንደምንል ለክቶ መርጧል። ቢኖር ኖሮ ጃኬቱን ይዤ እጮህበት ነበር። የለም። ያለው ይትባረክ ነው።

«አልረሳሁም» አልኩት።

ኮፈኑን ዘጋሁና ዕቃውን ሰብስቦ፣ መኪናዋንም ይዞ እንዲወጣልኝ ነገርኩት። ሳቀ። ሞተሯ አይነሣም፣ አይሱዙው ሄዷል፣ በምን ልውሰዳት አለኝ። ግፋት አልኩት። ዳገት ነው እኮ አለ። የጋራዤ መውጫ እስከ አስፋልቱ ድረስ ኮረት የፈሰሰበት ዳገት ነው፤ ልክ ነው። መለስ ብሎ ፊቴን ሲያየው መሳቁን ተወ።

ዕቃውን በጆንያው ሰብስቦ ጫነ፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ወረወረና ጀርባዋን ይዞ መግፋት ጀመረ። የሚያብረቀርቅ ጫማው ኮረቱ ላይ ይንሸራተታል። ጥቂት ትወጣለች፣ መልሳ ትገፋዋለች፣ በጉልበቱ ይመክታታል። መሀል ላይ ሲደርስ በጉልበቱ ወደቀ፣ ሱሪው ተቀደደ፣ መኪናዋን ግን አልለቀቃትም። ወደ እኛ ዞሮ አየ። ሠራተኞቼ አላስቻላቸውም፣ ሊያግዙት ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው። «ለብቻው ነው የሚገፋት።»